ልጄ «ባዶ አገር» ብላ የጻፈችው

 

እኔ መምህር አይደለሁም። እንደ እናንተው አንድ ወላጅ ነኝ። ሥራዬም ከካምፓችን ወደ ካምፓላ በአውቶቡስ እየተመላለስኩ ኪኩቦ ከሚባለው የጅምላ ገበያ ጨው፣ ሳሙና፣ ክብሪትና ደብተር አምጥቶ መቸርቸር ነው። ብዙዎቻችሁ በሱቄ በኩል ስታልፉ ታውቁኛላችሁ። ለዚህ መጽሔት እንድጽፍ ያስገደደችኝ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጄ ናት።

ባለፈው ወር የጂኦግራፊ መምህሯ «ወላጆቻችሁ የተወለዱበትን ቦታ መልክዓ ምድርና የሕዝቡን ኑሮ ግለጹ» የሚል የቤት ሥራ ሰጥተዋቸው ኖሯል። ደብተሯን ገልጬ ባይ የሚከተለውን አገኘሁ፤ «አባቴ የተወለደው አሰብ ነው። አሰብ ባሕር ዳር ነው። በጣም ይሞቃል። ባዶ አገር ነው። ምንም የለም።» መምህሯ «ባሕር ዳር» የሚለውን ከተማው መስሏቸው በቀይ እስክሪብቶ «ጣና ሐይቅንም ጥቀሺ» ብለው ጽፈውበታል። በዚህስ ሁላችንም ሳቅን። «ባዶ አገር ነው» የሚለው ግን አላሳቀኝም። ምክንያቱም ቃሉ የእኔው ነው። ልጄ በጠየቀችኝ ቁጥር «በረሃ ነው፣ ምንም የለም» እያልኩ ወሬውን የምዘጋው እኔ ነበርኩ። ለምን እንደምዘጋው ኋላ እመለስበታለሁ።

ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ለልጄ የነፈግኳት የቤት ሥራ ነው ብትሉ አትሳሳቱም። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ልጆቻችን እዚህ የሚማሩት በእርሱ ስለሆነ ነው።

ነገሩን ከኪኩቦ ልጀምር። ኪኩቦን ያላያችሁ ልጆች ካላችሁ፣ በካምፓላ መሐል ከተማ ከመናኸሪያዎቹ አጠገብ ያለ ጠባብ መተላለፊያ ነው። ስሙም በሉጋንዳ ይህንኑ ማለት ነው አሉ። ጠባብነቱን አይታችሁ አትናቁት። የኡጋንዳ ባለሱቅ ብቻ ሳይሆን ከደቡብ ሱዳንና ከምሥራቅ ኮንጎ የሚመጣ ነጋዴም ዕቃውን የሚጭነው ከዚያ ነው። ተሸካሚዎቹ ሦስትና አራት ካርቶን በጭንቅላታቸው ደርድረው እየጮኹ ይሮጣሉ። ዞር ካላልክ ጥፋቱ ያንተ ነው። እኔም ሁለት ጊዜ ወድቄበታለሁ።

ያን የቤት ሥራ ባየሁ በሳምንቱ ኪኩቦ ጨው ልገዛ ቆሜ ሳለሁ፣ ደንበኛዬ የሆነችውን ባለመደብር «ይህ ጨው ከየት ነው የሚመጣው?» አልኳት። ስንት ዓመት ስገዛት ጠይቄያት አላውቅም። «ከኬንያ ነዋ፣ ሴቦ፣ ከባሕር!» አለችኝ። እውነቷን ነው። ከማሊንዲ ከተማ በስተሰሜን ባለው የኬንያ ጠረፍ የባሕር ውሃ ወደ ሰፋፊ ገንዳ ገብቶ ፀሐይ ያደርቀዋል። የቀረው ነጭ ነገር ታጥቦና አዮዲን ተጨምሮበት በማዳበሪያ እየሆነ እዚህ ይደርሳል። ኡጋንዳ ራሷም ካትዌ በሚባል የእሳተ ገሞራ ሐይቅ ጨው አላት። ሰዎች እስከ ወገባቸው ውሃ ውስጥ ቆመው በእጃቸው ያወጡታል። በዚያ በ1970ዎቹ የተጀመረው ፋብሪካ ቧንቧው በጨው ተበልቶ ብዙም ሳይሠራ እንደቆመ ይነገራል። ጨው እንዲህ ነው፤ የሚያወጣውን ብረት ይበላል።

ሴትየዋ ማዳበሪያውን ስትከፍተው አንድ ሽታ መጣብኝ። ጨው አይሸትም ትሉ ይሆናል። ለእኔ ግን ሸተተኝ። አሰብ ላይ አባቴ ከሥራ ሲመለስ ከሸሚዙ ይመጣ የነበረው ሽታ ነው።

እንግዲህ ልጆች፣ ካርታችሁን ዘርጉ። ከኡጋንዳ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ሂዱ፤ ኬንያን፣ የኢትዮጵያን ደጋ አልፋችሁ ቀይ ባሕር ላይ ስትደርሱ በስተደቡብ ጫፉ፣ ከየመን ፊት ለፊት አንድ ቀጭን ጠረፍ ታገኛላችሁ። ከምጽዋ በታች ጀምሮ በጢዖ፣ በኢዲ፣ በበይሉልና በአሰብ አድርጎ እስከ ራሃይታ ይወርዳል። ዛሬ የኤርትራ ግዛት ነው። ከዚህ ጠረፍ ኋላ፣ ከተራራው ወዲያ፣ የኢትዮጵያ አፋር አለ። ድንበሩ ሁለት አገር ቢያደርገውም ምድሩ አንድ፣ ሕዝቡም አፋር ነው። በድሮ መጻሕፍት ደንከል ወይም ደናክል ተብሎ የምታነቡት ይኸው ነው።

ሰው በጣም ጥቂት ነው፤ ይህ ሐሰት አይደለም። በ2007 በተደረገው የኢትዮጵያ ሕዝብ ቆጠራ መላው የአፋር ክልል ወደ 1.4 ሚሊዮን ሰው ነበረው። በዚያው ቆጠራ አዲስ አበባ ብቻዋን ከ2.7 ሚሊዮን በላይ ነበራት። በአውቶቡስ ግማሽ ቀን ተጉዛችሁ ከጥቂት ግመሎችና ከአንድ እረኛ በቀር የማታዩበት አገር ነው። ግን ጥቂት ሰው አለበት ማለትና ባዶ ነው ማለት አንድ አይደለም። ይህን ለመለየት እኔ ሃምሳ ዓመት ፈጅቶብኛል።

ምድሩ ለምን እንዲህ ሆነ? በዚያ ስፍራ መሬት ራሷ እየተቀደደች ነው። የዐረብ፣ የአፍሪካና የሶማሌ ተብለው የሚጠሩት ታላላቅ የመሬት ንጣፎች የሚለያዩት እዚያ ላይ ነው። በመስከረም 2005 ዳባሁ በሚባለው እሳተ ገሞራ አካባቢ መሬቱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ተሰንጥቆ፣ በአንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር ተራርቋል። የዓለም ሊቃውንት መሣሪያቸውን ይዘው የሄዱት ይህን ለማየት ነበር። ኤርታ አሌ የሚባለው ተራራም ለብዙ ዐሥርታት በአናቱ ላይ የቀለጠ ድንጋይ ሐይቅ ይዞ ሲፈላ ኖሯል።

መሬቱ ሲቀደድ መሐሉ ሰጠመ። በዳሎል አካባቢ ያለው ረባዳ ከባሕር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ነው። ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት ቀይ ባሕር እዚያ ድረስ ይገባ ነበር። በረባዳው ዳርቻ እስከ ዛሬ የባሕር ዛጎልና የኮራል ድንጋይ መገኘቱ ለዚህ ምስክር ነው። በኋላ እሳተ ገሞራውና የመሬቱ መነሣት በሩን ዘጉት። ባሕሩ ውስጥ ተይዞ ቀረ፣ ፀሐይም ጠጣችው። የቀረው ጨው ነው። ውፍረቱ በአንዳንድ ቦታ ከአንድ ኪሎ ሜትር ይበልጣል ይላሉ አጥኚዎቹ። በ1960ዎቹ ዳሎል ላይ በተለካው መሠረት የዓመቱ አማካይ ሙቀት ከ34 ዲግሪ በላይ ነበር። ሌሊቱንና ክረምቱን ጨምሮ አማካዩ ነው እንግዲህ! ሰው ሰፍሮባቸው ከሚታወቁ ቦታዎች ሁሉ የላቀ ተብሎ ተመዝግቧል።

ታዲያ ኑሮው ምንድን ነው? መምህሯ የጠየቁት ሁለተኛው ነገር ይህ ነበር።

መጀመሪያ ከብት ነው፤ ግመል፣ ፍየል፣ በግ። አፋር ዝናብ ወዳለበት ይሄዳል፤ ቤቱንም ይዞ ይሄዳል። ከእንጨትና ከዘንባባ ሰሌን የሚሠራው ክብ ጎጆ ተፈትቶ በግመል ይጫናል። የሚሠሩትም፣ የሚፈቱትም፣ የሚጭኑትም ሴቶቹ ናቸው። ውሃው የት እንዳለ፣ ሣር የት እንደበቀለ፣ ማን እንደታመመ የሚታወቀው ዳጉ በሚሉት ሥርዓት ነው። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ሰላም ብለው አይተላለፉም። ቁጭ ብለው ያዩትንና የሰሙትን በሙሉ ይነጋገራሉ፤ ያየውን ካየው፣ የሰማውን ከሰማው ለይተው ነው የሚናገሩት። ሐሰት የተናገረ ሰው ከዚያ ወዲያ አይታመንም። እኛ እዚህ ካምፕ ውስጥ «እገሌ ሊሄድ ነው፣ እገሌ ተሠረዘ» እያልን የምናወራውን ሳስበው፣ ዳጉን ብንማር ደግ ነበር እላለሁ።

ከዚያ ጨው ነው። በአሳሌ ሜዳ ላይ የጨው ንጣፉን በእንጨት ፈንቅለው የሚያነሡ አሉ፤ ጠርበው እኩል የሚያደርጉ ሌሎች ናቸው፤ ጭነው የሚወጡትም ሌሎች። የአፋርና የትግራይ ሰው አብሮ የሚሠራው ሥራ ነው። አሞሌ የምንለው ይህ ነው፤ ከዚያ በግመልና በበቅሎ በበርሃሌ አድርጎ ወደ መቀሌ ይወጣል። አሞሌ ለብዙ መቶ ዓመታት ገንዘብ ሆኖ አገልግሏል። በ1520ዎቹ ኢትዮጵያ የነበረው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ ሰዎች በጨው ሲገበያዩ አይቶ ጽፎታል፤ ከጨው ሜዳው በራቅን ቁጥር አሞሌው እየተወደደ ይሄዳል ብሎም ታዝቧል። አያቶቻችሁ በአሞሌ መገበያየትን በእነርሱ ዕድሜ ሰምተው ሊሆን ይችላል፤ ጠይቋቸው። ኢትዮጵያን ያህል ሰፊ አገር በኪሱ ይዞት የዞረውን ገንዘብ ያወጣው ያ «ባዶ» የተባለው ምድር ነው። በቅርብ ዓመታት ወደ በርሃሌና ወደ ሐመድ ኤላ ጥሩ መንገድ ከተሠራ ወዲህ የጭነት መኪናው የግመሉን ሥራ እየወሰደው ነው።

ሌሎችም ተመኝተውታል። ጣሊያኖች ከጨው ሜዳው ለማዳበሪያ የሚሆን ፖታሽ ለማውጣት ብለው በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከመርሳ ፋጥማ ወደብ ወደ ውስጥ የሚገባ ትንሽ የባቡር ሐዲድ ሠርተው ነበር። ዛሬ የተረፈው ፍርስራሹ ነው። ስለ አዋሽ ወንዝም ለብቻው ሊጻፍ ይገባው ነበር። ከደጋው ወርዶ፣ የዱብቲንና የአሳይታን እርሻ አጠጥቶ፣ ባሕሩ በቅርብ እያለ ባሕር ሳይደርስ አቤ ሐይቅ ላይ የሚቀር ወንዝ ነው። በሌላ ጊዜ እመለስበታለሁ።

ወደ አሰብ ልምጣ፤ ስሸሸው የቆየሁት እርሱን ነው።

አሰብን በ1869 ሩባቲኖ የተባለው የጣሊያን መርከብ ኩባንያ ከአካባቢው የአፋር ሱልጣኖች ገዛ። የጣሊያን ቅኝ ግዛት በምሥራቅ አፍሪካ የተጀመረው ከዚያች ትንሽ ጠረፍ ነው። ኤርትራ በ1952 ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ከተቀላቀለች በኋላ ወደቡ ሰፋ። በ1967 በሶቪየት ኅብረት የተሠራው የነዳጅ ማጣሪያ ሥራ ጀመረ። በዚህ ምክንያት ከወሎ፣ ከሸዋ፣ ከትግራይ፣ ከጉራጌ ሰው ጎረፈ። አባቴ ከወሎ የወረደ የወደብ ጫኝና አውራጅ ነበር። እኔ የተወለድኩት እዚያው ነው።

አሰብ ከቢር፣ አሰብ ሰጊር፣ ካምፖ ሱዳን የሚባሉ ሰፈሮች ነበሯት። ደሞዝ ላይ የበረሃ አበል ይጨመር ነበር፤ እናቴ «በረሃው ራሱ መልሶ ይበላዋል» ትል ነበር፤ ግማሹ ለበረዶ ይወጣ ስለነበረ። በሙቀቱ ወራት ቤት ውስጥ የሚተኛ የለም። የገመድ አልጋችንን ደጅ አውጥተን፣ አንሶላ ውሃ ነክረን ለብሰን እንተኛለን። እኩለ ሌሊት ላይ ደርቆ ይነቃል፤ እንደገና ተነሥቶ መንከር ነው። ከቧንቧ የሚመጣውን ውሃ ለመታጠብ ማታ ቀድተን እስከ ጧት እናቀዘቅዘው ነበር እንጂ ማሞቅ የሚባል ነገር አላውቅም። ልጄ ውሃ አሙቅልኝ ስትለኝ እስካሁን ይገርመኛል።

የአፋር ዓሣ አጥማጆች በሁሪና በሳምቡክ ወጥተው በጧት ይመለሳሉ። ፍየል ጭነው ወደ የመን የሚሻገሩ ነበሩ፤ ሞካ ከባሕሩ ወዲያ ማዶ ናት። ዓሣው ለሁለት ተሰንጥቆ፣ በርበሬ ተቀብቶ፣ በሸክላ ምድጃ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይጠበሳል። እንደዚያ ያለ ዓሣ ከዚያ ወዲያ አልበላሁም። የዚህ አገር ዓሣ ደግ ነው፣ ግን የሐይቅ ነው፤ የሐይቅ ዓሣ ጨውን ከውጭ ነው የሚቀበለው።

ከከተማው አጠገብ የጨው ገንዳዎቹ ነበሩ። ማሊንዲ እንደሚደረገው ባሕሩን አስገብተው ያደርቁታል። የኢትዮጵያ ደጋ የሚበላው ጨው አብዛኛው ከዚያ ይሄድ ነበር። በሌላ በኩል ተሳቢ የሚጎትቱት መኪናዎች ማለቂያ የላቸውም። ስንዴ፣ ማዳበሪያ፣ ብረት፣ ነዳጅ ይዘው በቡሬ፣ በማንዳ፣ በኤሊዳር፣ በሰርዶ፣ በሚሌ አድርገው ወደ ኮምቦልቻ ይወጣሉ። እኛ ልጆች የሹፌሮቹን ስም ሳይሆን የመኪናውን ጡሩምባ ድምፅ ነበር የምንለየው። እንግዲህ ልጆች፣ ጥቂት ሰው ያለበት አገር እንዲህ ነው የሚሠራው። ራሱ ብዙ አይበላም፤ የሌላውን ምግብ ያሳልፋል።

በግንቦት 1993 ኤርትራ ነፃ አገር ሆነች። ወደቡ ግን ለኢትዮጵያ ማገልገሉን ቀጠለ፤ እኛም ሥራችንን ቀጠልን። በ1997 ማጣሪያው ተዘጋ። በግንቦት 1998 ጦርነቱ ሲጀመር ግን ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ቆመ። መርከቡ ወደ ጅቡቲ ዞረ፤ ወደቡ ሥራ ፈታ፤ በከተማው የነበርን ኢትዮጵያውያንም ወጣን። አባቴ የወደቡን የሥራ መታወቂያ ይዞ ነው የወጣው፤ ሌላ ነገር አላነሣም። ማን ምን አደረገ፣ ወደቡ የማን መሆን ነበረበት የሚለውን ለማንሣት አልጻፍኩም። በዚህ ካምፕ ከኤርትራ የመጡ ጎረቤቶቻችን አሉ፤ ልጆቻችንም አብረው ይማራሉ። ያ ጦርነት ከሁላችንም ቤት ሰው ወስዷል።

ወላጆች ግን አንድ ነገር ልብ እንድትሉልኝ እፈልጋለሁ። የአሰብ ጨው ሲቋረጥ በኢትዮጵያ አፍዴራ ሐይቅ ዳር የጨው ማምረቱ ሥራ ተስፋፋ። ያም አፋር ነው። አገሩ እንደገና ጨው ያገኘው ከአፋር ነው ማለት ነው። ነገር ግን ብዙው ለዓመታት አዮዲን ሳይጨመርበት ይሸጥ ነበር። አዮዲን ያነሰው ሰው እንቅርት ያወጣል፤ ነፍሰ ጡር ከሆነች ደግሞ የሚጎዳው የልጁ አእምሮ ነው። ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድድ ደንብ የወጣው በ2011 ነው። ስለዚህ ከሱቄም ሆነ ከሌላ ስትገዙ ፓኬቱ ላይ አዮዲን እንዳለው አይታችሁ ግዙ። ጨውን ክደኑት፤ ፀሐይ ላይ አታስጡት፤ ወጥ ውስጥም መጨረሻ ላይ ጨምሩት።

አሁን ለልጄ «ምንም የለም» እያልኩ ለምን እንደዘጋሁባት ልናገር። ስደተኛ ሆኜ የመጀመሪያውን ቅጽ ስሞላ የትውልድ ቦታ በሚለው ላይ «አሰብ»፣ ዜግነት በሚለው ላይ «ኢትዮጵያዊ» ብዬ ጻፍኩ። ጸሐፊው ቀና ብሎ አየኝና «ሁለቱ አይገጥሙም፤ አንዱን አስተካክል» አለኝ። የትኛውን ላስተካክል? የተወለድኩበትን? ወይስ የአባቴን አገር? ፋይሌ ለብቻው ተቀመጠ፤ ከእኔ በኋላ የመጡት አለፉ፤ እኔ ለተጨማሪ ቃል ሦስት ጊዜ ተጠራሁ። ያን ጊዜ አንድ ወዳጄ «ደሴ ብለህ ሙላውና ተገላገል» ብሎ መከረኝ። አልሞላሁም። ግን ከዚያ ወዲህ አሰብ የሚለውን ስም ቤቴ ውስጥ ባነሣሁት ቁጥር አንድ ነገር የሚበላሽ መሰለኝ። ልጄ ስትጠይቀኝ «በረሃ ነው» አልኳት። ልጅ ደግሞ የሰማውን ይጽፋል።

በ2018 ሁለቱ አገሮች ሰላም ሲፈራረሙ የቡሬ መንገድ ተከፍቶ ሰው ተሳስሞ ነበር። ብዙ ሳይቆይ ተመልሶ ተዘጋ። አባቴ ያን አላየም።

ባለፈው እሑድ ከኪኩቦ ያመጣሁትን ጨው ስንመዝን ልጄን አጠገቤ አስቀምጬ ይህን ሁሉ ነገርኳት። ረጅም ጊዜ ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ «አባዬ፣ ታዲያ አገሩ የማን ነው ብዬ ልጻፍ?» አለችኝ። «ኤርትራ ውስጥ ነው ብለሽ ጻፊ፤ አባቴ ኢትዮጵያዊ ነው ብለሽም ጻፊ፤ ሁለቱም እውነት ነው» አልኳት። «መምህሬ አይገጥምም ካሉስ?» አለች። «ና ብለው ይጥሩኝ» አልኳት።

«ባዶ አገር» የሚለውን በላጲስ አጥፍታዋለች፤ ወረቀቱ ትንሽ ተቀዷል። በምትኩ ካርታ ጀምራለች። ከኮምቦልቻ እስከ ሰርዶ በሽማግሌዎቹ እርዳታ ሞልታለች። ከሰርዶ ወደ አሰብ የሚወርደው ግን ብዙ ቦታው ነጭ ነው፤ እኔ መንገዱን የማውቀው እንደ ልጅ ከኋላ ተቀምጬ፣ እንደ ስደተኛ ደግሞ በሌሊት ነው። ከእናንተ መካከል በዚያ መስመር ሹፌር ወይም ረዳት የነበረ አባት፣ ወይም ሻይ ቤት የነበራት እናት ካለች፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሱቄ ጋ ብቅ በሉ። ልጅቷ እርሳሷን ይዛ ትጠብቃለች፤ ሻዩ በእኔ ነው።